በወረቀት አልማልሁም

ከይጁቤ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እስከዳር እህቴ፤

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ልቆጣሽ ነውና ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ «አሁንም ተቀይመሽኛል ወይ?» ያልሽኝን ሁለተኛ እንዳትደግሚው። ቂሙ ካለቀ ቆየ። እናታችን አንቺ ቤት ስታርፍ መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር፣ እዚያው ደብረ ማርቆስ ከማስቀበር ሌላ ምርጫ እንዳልነበረሽ አሁን ልቤ ያውቀዋል። ያኔ ግን አላወቀም። እናቴ ሳልሰናበታት አፈር ለበሰች ብዬ አብጄ ነበር።

እብደቱ ሳይወጣልኝ ነው እንግዲህ በአርባዋ ተዝካር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት ዳስ ውስጥ ብድግ ብዬ «ከእስከዳር ጋር አንድ ቃል ብነጋገር፣ ደጇንም ብረግጥ ቅዱስ ሚካኤል ይፍረድብኝ» ያልሁት። አንቺም በጆሮሽ ሰማሽ። የአጥቢያችን ታቦት ነውና እሱም ሰማ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ቂሙ ሄደ፣ መሐላው ቀረ፤ ምን ላድርገው?

በወረቀት ግን አልማልሁም። ደግነቱ ያኔ ትዝ አላለኝም። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በከሰል በሩ ሳንቃ ላይ እየጻፍሽ «በይ ድገሚ» ስትይኝ፣ ታናሽ ታላቋን ታስተምር ጀመር ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅብን ነበር። ለካ የተማርሁት ለዚህ ኖሯል።

ትናንት ኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እኔ ቤት ነበር። ደኅና ተበላ፣ ተጠጣ። ወለተ ሰንበት ስትመርቅ «ታየችን የመሰለ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረባት ሴት የት አለ? ቃሏን ከምታጥፍ አንገቷን ብትሰጥ ይሻላታል» አለች። ሴቶቹም አሜን አሉ። ምን ልደብቅሽ፣ ደስ አለኝ። ሁሉም ሄደው ዋንጫውን አጥቤ ስጨርስ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። የሚያናግረኝ ሰው አጥቼ ወጥቼ ላሟን አናገርኋት። እሷም ዞር ብላ አየችኝና ማመንዠኳን ቀጠለች።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፊደልሽ ለምንድን ነው እንዲህ የገዘፈው? በፊት አንድ ገጽ ላይ ስንቱን ታሰፍሪ ነበር፤ አሁን አራት መስመር ጽፈሽ ገጹ ይሞላል። ወረቀት የሚረክስበት አገር ገባሽ እንዴ?

ታየች

*

ከደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ቁጣሽ በሰላም ደረሰኝ። ቁጣ ከሌለበት ካንቺ የመጣ ስለማይመስለኝ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

የፊደሉ ነገር ምንም አይደለም። መብራት እየሄደ በሻማ ነው የምጽፈው። ደግሞ የጥምቀት ሥራ በዝቶብኛል፤ ካባው፣ የታቦት መጎናጸፊያው፣ የጥላው ዘርፍ፣ ሁሉም «ለከተራ አድርሺልኝ» ይላል። እጄ ደክሞ ነው በቃ። ሌላ ነገር እንዳታስቢ።

አሁን እኔ ያሰብኩትን ልንገርሽ፤ ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየች ሃኒ የምትባል ልጅ አለች፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። በጥር ሚካኤል፣ ከቅዳሴ ስትመለሺ፣ በሷ ስልክ እደውልልሻለሁ። አንቺ አንሺው፣ ጆሮሽ ላይ አድርጊው፣ ዝም በይ። የምናገረው እኔ ነኝ። እኔ አልማልኩም! መስማት ደግሞ መነጋገር አይደለም፤ ካልሆነ የንስሐ አባትሽን አባ ዘመንፈስቅዱስን ጠይቂያቸው።

ምንም አትበዪኝ። ትንፋሽሽን ብቻ ብሰማ ይበቃኛል። እዚህ ማታ ማታ ጎረቤቱ በሩን ሲዘጋ የማንንም ትንፋሽ አልሰማም።

ታናሽሽ እስከዳር

*

ከይጁቤ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እስከዳር፤ አሳበድሽኝ እኮ!

ዝም በይ ብለሽ ታዢኝና ደግሞ አህያችን ደብተርሽን የበላችበትን ቀን ታወሪኛለሽ? ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው እንዲህ ይፈተናል? «መምህሩ የቤት ሥራሽስ ሲለኝ አህያዋን አምጥቼ አሳየሁት» ስትዪ ሳቄ መጣ። ሳቁን ልውጥ ስል አነቀኝና አሳለኝ። ያን ጊዜ ድምፅሽ ተለወጠ። «እታለም? አንቺ ነሽ?» አልሽ። ስልኩን ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁት ቀረሁ።

በማግስቱ አባ ዘንድ ሄጄ «ሳል ንግግር ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። እንዴት እንደሳቁ ብታዪ! እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ኋላ ግን ሳቃቸውን ተውና «ልጄ፣ ይኼ በቁጣ የወጣ መሐላ ነው። ንስሐ ግቢ፣ ቀኖና ልስጥሽና ልፍታሽ። ሥልጣኑ ለዚህ ነው የተሰጠን» አሉኝ። እምቢ አልሁ። ቢፈቱኝስ ሚካኤል ይተወኛል?

አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታስታውሺውም። አባታችን በድንበሩ ክርክር በሚካኤል ስም ማለ፤ መሐላው የሐሰት ነበር። በዚያው ክረምት ወንድማችን አምደሚካኤል ሞተ። ከቀብር ሲመለስ አባታችን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ «እኔ ነኝ የገደልሁት» ሲል ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚካኤልን ፍርድ እፈራለሁ።

እኔ ያለኝ አንድ ልጄ መሳፍንት ነው። እሱም የጭነት መኪና ይዞ ሳምንት በመጣ ቁጥር ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ያንን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። እኔ እዚህ መሐላዬን ባፈርስ እዚያ ፍሬኑ ቢበጠስብኝስ? እንግዲህ «እንዳትመጪ ያደረገሽ ምንድን ነው?» እያልሽ አትጠይቂኝ። እግዚአብሔርን እፈራለሁ፤ ይኼው ነው።

የአህያዋን ነገር ግን ጨርሺልኝ፤ መምህሩ ምን አለ? በወረቀት ነው ታዲያ።

ታየች

*

ከደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ጽሕፈቱ ሲለወጥብሽ እንዳትደነግጪ። የምትጽፈው ሃኒ ናት፤ የምናገረው እኔ ነኝ።

የሻማው ነገር ውሸት ነበር። የዓይን ግፊት ነው ይላሉ። ግራው ከሄደ ቆየ፤ ቀኙም እየሄደ ነው። የቀረውን ለማቆየት ጠብታ ሰጥተውኛል፤ የሄደው ግን አይመለስም። እንዳትሰጊ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ስፌቱን ትቼዋለሁ። መጨረሻ የሰፋሁትን ካባ ዘርፉን ገልብጬ ሰፍቼው ኖሮ፣ ቄሱ ምንም ሳይሉኝ ለብሰውት ሄዱ፤ ሃኒ ናት ኋላ የነገረችኝ። ያን ቀን አለቀስኩ። ማሽኑ አሁን ጨርቅ ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ሳልፍ ሳገድም እጋጨዋለሁ።

ደብዳቤሽንም የምታነብልኝ ሃኒ ናት። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ያንቺን ቁጣ በምን ድምፅ እንደሚያነቡት አታውቅም። እንደ ዜና ነው የምታነበው። ይኼንንም እየሳቀች ነው የምትጽፈው።

የአምደሚካኤልን ነገር እኔም አውቃለሁ፤ እናታችን ከመሞቷ በፊት አውርታኛለች። እታለም፣ እሱ የታመመው ከመሐላው በፊት ነው። ሚያዝያ ላይ ጀምሮት ነበር፤ አባታችን የማለው ሰኔ ላይ ነው። አባታችን ልጁ ሞቶበት፣ ኅሊናው ደግሞ እየከሰሰው፣ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። አንቺ ደግሞ ከበሩ ኋላ ሆነሽ ሰምተሽ ዕድሜሽን ሙሉ ይዘሽው ዞርሽ። እኔን!

እናታችን ስትቆጣን ትዝ ይልሻል? አርጩሜውን ስታነሳ አንቺ ወደ ገብሱ ማሳ ትፈተለኪያለሽ። እስኪመሽ አትመለሺም፤ በርዶሽ፣ ርቦሽ፣ ዓይንሽ አብጦ ትመጫለሽ። እኔ ግን ወደሷው ነበር የምሮጠው። ጉልበቷን ጥምጥም አድርጌ ይዤ ፊቴን ቀሚሷ ውስጥ እቀብራለሁ። እንዲያ ከተጣበቅሽባት አርጩሜው አይደርስም፤ እሷም ትንሽ ቆይታ ትጥለዋለች። እኔም እፈራት ነበር እኮ። ካንቺ ያነሰ አልፈራኋትም።

እስከ ዛሬ ነይ ልልሽ አልደፈርኩም። አሁን ግን እላለሁ፤ ነይ። ሰው ከፊቴ ሲቆም ገና ጥላው ይታየኛል፤ መስኮቱ አጠገብ ከሆነማ አፍንጫውንም እለየዋለሁ። ይኼኛውም ዓይን ሳይሄድ ፊትሽን ልየው። በሚኒባስ እኮ አንድ ሰዓት አይሞላም።

መምህሩ ገረፈኝ፤ አህያዋን ግን በጣም ወደዳት።

እስከዳር

*

ከይጁቤ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እስከዳር፤

ደብዳቤሽን ከፍቼ ያን የማላውቀውን ጽሕፈት ሳይ ሞተሻል ብዬ ነበር። ሰው ሲሞት ነው የሌላ ሰው እጅ የሚጽፈው። መደቡ ላይ ተቀመጥሁ።

ሳነበው ደግሞ ባሰብኝ። ዓይንሽን! ያንን በጨለማ ክር በመርፌ የሚያስገባ ዓይንሽን! ለባዕድ ልጅ ነግረሽ ለእኔ ትደብቂያለሽ? ገበናችንን ሁሉ፣ አባታችንን፣ መሐላዬን፣ ከበሩ ኋላ ሆኜ የሰማሁትን ያቺ ልጅ ታነበዋለች፣ ትጽፈዋለች። ደግሞ ትስቃለች! ሁለተኛ በሰው እጅ አትጻፊልኝ። ብትጽፊ በገዛ እጅሽ ጻፊልኝ። ይግዘፍ፣ ይጣመም፣ ግድ የለኝም። አንድ ደብዳቤ ብቻ በገዛ እጅሽ።

ስለ አምደሚካኤል የነገርሽኝ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ለራሴ ደጋግሜ ነገርሁት። ፍርሃቴ ግን አልሰማም አለኝ። በዚህ ዕድሜ ፍርሃት እንደ ጆሮ ነው፤ ይደነቁራል።

ፊትሽን ልየው ትያለሽ። ምኑን ታዪዋለሽ? ተሸብሽቦ የእናታችንን መስሏል። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። አልመጣም አላልሁሽም፤ እንዴት እንደምመጣ ጠፍቶኝ ነው። ጠብታውን አታቋርጪ፤ ከሰዓትሽ እንዳታሳልፊው።

ታየች

*

ከይጁቤ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እስከዳር እህቴ፤

ፋሲካ አለፈ፣ ደብዳቤሽ አልመጣም። ባለሚኒባሱ ዓለምነው ከማርቆስ ሲመለስ መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን በመስኮት አውጥቶ ባዶውን ያወዛውዝልኛል። ይኼው ስንት ጊዜው። አስቀየምሁሽ መሰለኝ። በሰው እጅ አትጻፊ ያልሁት ከብስጭት ነው፤ ታውቂኝ የለ? የሃኒንም እጅ ቢሆን ላኪልኝ። የሚሰድበኝ ነገር አስጽፈሽ ላኪልኝ፤ አልቆጣም።

መሳፍንት ለፋሲካ መጥቶ ነበር። ያንቺን ነገር ሲሰማ ጾሙን ሊፈታበት የያዘውን ጉርሻ አስቀመጠና «ታዲያ ለምን እዚህ ቁጭ ብለሻል?» አለኝ። ነገርሁት፤ ስለሱ ስለምፈራው፣ ስለ ቁልቁለቱ። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «እማዬ፣ በረሃውን ስወርድ እንዲጠብቀኝ ጠዋት ጠዋት ሚካኤልን ትለምኚዋለሽ። ደግሞ ያው ሚካኤል እንዳይገድለኝ ትፈሪዋለሽ። ለመሆኑ ስንት ሚካኤል ነው ያለው?» ዝም በል ብዬ ተቆጣሁት። ያስቀመጠውን ጉርሻ አንስቼ አጎረስሁት።

ከሄደ በኋላ ቤቱ ይብስ ጭር አለ። እስከዳር፣ ብቻዬን መሆን ሰለቸኝ። ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ላንቺ አልሁት። እባክሽ አንድ ነገር ላኪልኝ።

ታየች

*

ከይጁቤ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እስከዳር እህቴ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሃኒ እጅሽን ይዛሽ መናኸሪያው ድረስ መጥተሽ፣ «ከሷ በቀር ለማንም እንዳታሳየው» ብለሽ በእጁ እንደሰጠሽው ዓለምነው ነገረኝ። ሲነግረኝ ፊቱን ወዲያ አዞረ።

ከፈትሁት። በገዛ እጅሽ ነው የጻፍሽው። መስመሩ በመስመሩ ላይ ወጥቷል፣ አንዱ ፊደል በሌላው ሆድ ላይ ተቀምጧል፣ አንዳንዱም ከወረቀቱ አልፎ ሄዷል። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ከሁለቱ ገጽ የለየሁት ከላይ «እታለም» የሚለውን ብቻ ነው። ወደ ፀሐይ አወጣሁት፣ ገለበጥሁት፣ መነጽሬን አጥቤ ደግሜ አየሁት። ከዚያ ኡኡ ብዬ አለቀስሁ። በሰው እጅ አትጻፊልኝ ያልሁሽ እኔ ነኝ። አንቺም ታዘዝሽኝ፤ በማይታይሽ ወረቀት ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ አወራሽኝ። እኔ ደግሞ ማንበብ አቃተኝ።

ለማንም አታሳዪ ብትዪም አባ ዘንድ ይዤው ሮጥሁ፤ ይቅር በይኝ። አባ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት። «ይኼን የምታነብልሽ የጻፈችው ብቻ ናት» ብለው መለሱልኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ይፍቱኝ አልሁ።

እሳቸው ግን ቶሎ አልፈቱኝም። «ምኑን ነው የፈራሽው?» አሉኝ። እግዚአብሔርን ልል አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ። «በዳሱ ውስጥ የነበሩትን ሴቶች» አልሁ። ታየች ቃሏን በላች እንዳይሉኝ ነበር፤ ወለተ ሰንበት ስትመርቀኝ ደስ የሚለኝ እንዳይቀርብኝ ነበር። የልጄም ፍርሃት እውነት ነው፤ አልዋሽሽም። ግን ከሥሩ ይኼኛው ነበረበት፣ ይኼንንም የእግዚአብሔርን ስም አልብሼው ኖርሁ። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥሁ፤ አባ ግን የደነገጡ አልመሰለኝም።

ቀኖና ሰጡኝ። ስግደት አለበት፤ ጉልበቴን ያመኛል ግን እችለዋለሁ። በመስቀላቸው ባርከው «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ነገ ሂጂ» አሉኝ። «ነገ እኮ ሰኔ ሚካኤል ነው፤ ማኅበሩስ?» አልሁ። «በዓሉን የት እንዳከበርሽለት እሱ አያጣውም» አሉና በሩን አሳዩኝ። ማኅበሩ ላይ እንደማልገኝ ለወለተ ሰንበት ነገርኋት። የት እንደምሄድም ነገርኋት። አፏን ይዛ ቀረች። ይያዛት።

ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብዬ እንዳልዋሽሽ። እግዚአብሔርን እንደውም ዛሬ ነው የፈራሁት፤ ሦስት ዓመት በስሙ እህቴን ስዘጋባት ዝም ብሎ አየኝ፣ ላሜን ጠበቀልኝ፣ ልጄን ከዚያ በረሃ በሰላም እያወጣ መለሰልኝ። ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ? ግን ወደ ገብሱ አልሮጥም። እዚያ ስንቱን ጊዜ አመሸሁ፤ ብርድ ብቻ ነው ያለው። እንዳንቺ ልሞክረው ነው፤ እየፈራሁ ወደሱው ልሂድና ጉልበቱን ልያዝ። ሌላ መሄጃም የለኝ።

ይኼን ደብዳቤ ለዓለምነው አልሰጠውም። እኔው በነጠላዬ ቋጥሬ ይዤው እሳፈራለሁ። ሃኒም እንዳታነብልሽ። ቁጣዬን ማንበብ አታውቅም ብለሽ የለ? ደጅሽ ላይ ቆሜ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ እኔው አነብልሻለሁ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ያዥኝና ፊቴን እዪው፤ ካልታየሽ በእጅሽ ዳብሺው። ያንቺንም ሁለት ገጽ ይዤዋለሁ። ምን ብለሽ እንደጻፍሽልኝ ባፍሽ ትነግሪኛለሽ፤ እኔም ባፌ እመልስልሻለሁ።

እስከዳር፣ እዚህ ድረስ ከሰማሽኝ ደጅሽ ላይ ነኝ። ድምፄን ካወቅሽው በሩን ክፈቺልኝ።